የሐጂ የኋላ ካሜራ

ዓረብኛ በሚነገርበት ዴም ሰፈር ውስጥ የመኪና ኤሌክትሪክ እሠራለሁ። ያን ቀን ሙቀቱ ጨምቆኝ ልዘጋ ስል፣ ሐጂ የምንላቸው የሰፈሩ ሽማግሌ አሮጌ መኪናቸውን ይዘው መጡ። «የኋላ ካሜራ ግጠምልኝ፣ ያ ወለዲ፣ ልጄ» አሉኝ። ዓይኔ እየተከደነ ሽቦውን ከኋላ መብራቱ እስከ ዳሽቦርዱ ጎትቼ ካሜራውንና ስክሪኑን ገጠምኩላቸው። ከዚያ ከኋላ ቆሜ «ያላ ሐጂ፣ የኋላ ማርሽ ያስገቡና እንሞክረው» ብላቸው፣ «ከዚያ ዞር በል!» ብለው ጮኹብኝ። ደነገጥኩ። ገብቼ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። «ከግቢ ወደ ኋላ ስወጣ የልጅ ልጄን ገጨኋት» አሉኝ። «አልሐምዱሊላህ፣ ተርፋለች፤ ግን ታነክሳለች። ከዚያ ወዲህ ወደ ኋላ ነድቼ አላውቅም።»

ሐጂ እንደምንም የኋላ ማርሹን አስገቡ፤ መንገዱ ስክሪኑ ላይ ቁልጭ ብሎ ታየ። «ሰው አለ?» አሉኝ። «የለም ሐጂ፣ ይኸው ባዶ ነው።» አላመኑም። ወርደው ከኋላ አዩ፤ አጎንብሰው ከመኪናው ሥር ሳይቀር አዩ። ተመልሰው ገቡና ማርሹን እንደነኩ እንደገና ወረዱ። ለሦስተኛ ጊዜ በሩን ሊከፍቱ ሲሉ፣ እኔው ወረድኩ። ከኋላ በጎን በኩል፣ በሚያዩኝ ቦታ ቆምኩና «ተዓል፣ ሐጂ! ይምጡ፣ ይምጡ!» እያልኩ እጄን አወዛወዝኩላቸው። አንገታቸውን በመስኮቱ አውጥተው፣ ስክሪኑን አንዴም ሳያዩ፣ እኔን ብቻ እያዩ ቀስ ብለው ወደ ኋላ ወጡ።