የጋሽ አብዱልመጂድ መሐላና የሱምያ ታብሌት

እሑድ ረፋድ ላይ ወደ ሐይቁ ዳር የወረድኩት ዓሣ ልገዛ እንጂ ክርክር ፍለጋ አልነበረም። ክርክርማ ሳምንቱን ሙሉ ከተማሪዎቼ ጋር እጠግባለሁ። እሌኒ እባላለሁ፤ ሥራዬ ኮሌጅ ውስጥ የሕፃናት መምህራንን ማሠልጠን ነው። ትንንሽ ልጆች ሁለተኛ ቋንቋ እንዴት እንደሚለምዱ ሲነሣ አፌን መያዝ እንደማልችል በግሽ ዓባይ ሰፈር ያሉ ጎረቤቶቼ ሁሉ ያውቃሉ። ለቅሶ ቤት ተቀምጬ እንኳ ይህን ወሬ ጀምሬ በባለቤቴ ክርን ተጎሽሜአለሁ።

ዓሣ ሻጮቹን አልፌ ደንገሉ ወደበቀለበት ስጠጋ ጋሽ አብዱልመጂድን አየኋቸው። የጎረቤቴ የዘሊካ አባት ናቸው። ደንገል እያጨዱ፣ እያደረቁ፣ በገመድ እየጠፈሩ ታንኳ ሲሠሩ የኖሩ የሐይቁ ሰው ናቸው። በየዓርቡ ከጁምዓ ሶላት በኋላ ዓሣ አንጠልጥለው ልጃቸውንና ትንሿን የልጅ ልጃቸውን ሱምያን ሊያዩ ሲመጡ እናያቸው ነበር። ረመዳን ከወጣ ወዲህ ግን ሰፈራችን ዝር ብለው አያውቁም። አሁን ዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጠው አንድ አዲስ ታንኳ ያስራሉ። አጠገባቸው አንዲት ትንሽ የደንገል ምንጣፍ ተነጥፋለች፤ ማንም አልተቀመጠባትም።

"ጋሽ አብዱልመጂድ፣ እንዴት አረፈዱ? ጠፉብን እኮ!"

"አልሐምዱ ሊላህ፣ አለሁ ልጄ። ወዴት እጠፋለሁ ብለሽ ነው፤ ሐይቁ እንደሆነ አይለቀኝ።" ገመዱን ሳብ አደረጉና ዓይናቸውን ከሥራቸው ሳያነሡ "የዚያች ልጅ ሳሏስ ለቀቃት?" አሉ።

"የሱምያ? ድና ሰፈሩን እያመሰችው ነው።"

"የፊት ጥርሷ ይነቃነቅ ነበር።"

"ወለቀ።"

እጃቸው ገመዱ ላይ ቀረ። "ወለቀ? ማን ጣራ ላይ ወረወረላት? እኔ ነበርሁ የምወረውርላት። ገና መነቃነቅ ሲጀምር ቃል ገብቼላት ነበር።"

መልሱን አውቀዋለሁ፤ ግን አልነገርኳቸውም። እሳቸውን በእንባ ከመርታቴ በፊት በሐሳብ ልርታቸው ፈለግሁ። የአስተማሪ ክፋት ነው። "ታዲያ ለምን አይመጡም?" ብዬ ጥያቄውን በጥያቄ መለስኩ።

"ምያለሁ።"

"ምን ብለው?"

"ያ ዕቃ ባለበት ቤት እግሬ አይረግጥም ብዬ፤ በአላህ ስም።"

ያ ዕቃ የሚሉት ታብሌት ነው። ዘሊካ ልጇ አንደኛ ክፍል ሳትገባ እንግሊዝኛ እንድትለምድ ብላ የገዛችላት ሲሆን፣ ሥዕል እያሳየ ቃል የሚያስተምር አፕ ተጭኖበታል። አፑን የመረጥኩላት ደግሞ እኔ ነኝ። የመሐላው ግማሽ እኔ ላይ ያረፈ መሰለኝና ደረቁ ሣር ላይ ተቀመጥኩ። የሱምያ መሆኗ ስለገባኝ ምንጣፏ ላይ ለመቀመጥ አልደፈርኩም።

"ዕቃው ምን በደለዎት?"

"እንኪያስ ስሚ። አንድ ዓርብ ቆሮሶ የሚባለውን ዓሣ ይዤላት ሄድሁ። ገና ነፍሱ ያልወጣ፣ የሚፈራገጥ። 'ይኸ ምንድን ነው?' አልኋት። 'ፊሽ!' አለችኝ። 'የለም፣ ቆሮሶ በይ' ብላት፣ 'አይ አባባ፣ ፊሽ ነው' ብላ ያን ዕቃ ነካችው። ዕቃው የዓሣ ሥዕል አወጣና 'ፊሽ' አለ። እሷም ደገመችው። ከዚያ አጨበጨበላት።"

"ማን?"

"ዕቃው ነዋ! የሠርግ ቤት ጭብጨባ። እኔ ዘሊካን ያህል ልጅ አሳድጌ አንድ ቀን አጨብጭቤላት አላውቅም። በእኛ ወግ ልጅ ሲያውቅ ዝም ይባላል፤ ሲሳሳት ነው የሚነገረው። እንግዲህ እኔ 'አይደለም' ስላት፣ እሱ ሲያጨበጭብላት፣ ማንን ትወጃለሽ?"

ሳቄ መጥቶ ነበር፤ ፊታቸውን አይቼ ዋጥኩት። ሰው በዕቃ ሲቀና ያስቃል፤ የቀኑበት ምክንያት ግን አያስቅም። እኚህ ሽማግሌ የልጅ ልጃቸውን የተነጠቁ ያህል ነበር ያዘኑት።

"ሳቂ ግድ የለም። አንቺ የሌላ አገር ልጅ ነሽና የእኛን ጉድ አታውቂም። እኛ የሐይቁ ዳር ሰዎች ድሮ የራሳችን ቋንቋ ነበረን። ዛሬ የሚያውቀው አንድ ሰው የለም። ለቤታችን የቀረው ቢኖር አባቴ አዲስ ታንኳ ውኃ ሲነካ የሚጣራው ጥሪ ነው። እኔም እሱን ሰምቼ እጣራለሁ። ትርጉሙን አባቴም አያውቀው፣ እኔም አላውቀው። ታንኳይቱን 'ሂጂ' እያልኋት ይሁን 'ተመለሺ' እያልኋት፣ አላህ ይወቀው። አንድ ቋንቋ ቀብረናል፤ አሁን ደግሞ ሁለተኛውን ልንቀብር ነው። እንግሊዝኛሽ ለእኔ ሐይቁን እንደወረረው አረም፣ እንደ እምቦጭ ነው። አበባው ሲያዩት ያምራል፤ ሲሰፋ ግን ታንኳ አያሳልፍም፣ ዓሣውን ያፍነዋል።"

እምቦጭ የመታውን ዳር ላየ ሰው ይህ ቀላል ክስ አይደለም። ቢሆንም ዝም ማለት አልፈጠረብኝም።

"ጋሽ አብዱልመጂድ፣ በአንድ ነገር ረትተውኛል። ልጅ ለብቻዋ ከታብሌት ጋር ብትውል የምታተርፈው ጥቂት ነው። ቃል ትለቅማለች እንጂ ቋንቋ አታገኝም። ቋንቋ ዓይን ዓይኗን እያየ የሚመልስላት ሰው ይፈልጋል።"

"እሰይ! ታዲያ ለምን መረጥሽላት?"

"ሰው አጠገቧ ካለ ስለሚጠቅም ነዋ። ዘሊካ መሥሪያ ቤት ስብሰባ ላይ እንግሊዝኛ ሲነሣ አንገቷን እንደምትደፋ ለእርስዎ ነግራዎት ታውቃለች?"

"ለእኔ? የለም።"

"ለእኔ ነግራኛለች። የተማረችውን ሁሉ የምታውቅ ሴት፣ አፏን ከፍታ መናገር ታፍራለች። ልጄ እንደ እኔ እንዳትሆን ብላ ነው ከደመወዟ ቆርጣ የገዛችው። ትንሽ ልጅ ደግሞ ሳታፍር ትለምዳለች፤ ብትሳሳት ትስቃለች፣ ትደግማለች። እኛ ትልልቆቹ ግን መሳሳትን እንፈራለን። ሁለተኛው ቋንቋ የመጀመሪያውን ያስወጣል ማን አለ? የልጅ ጭንቅላት ታንኳ አይደለም፤ አንድ ሲሳፈር አንዱ አይወርድም።"

"ታዲያ የእኛ ቋንቋ የት ሄደ? አማርኛ ሲሳፈር አይደለም የወረደው?"

"እስኪ እንዴት እንደጠፋ የሰሙትን ይንገሩኝ።"

ገመዱን አስቀመጡ። ወደ ውኃው እያዩ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ተናገሩ።

"አያቴ ለአባቴ እንዳወራው ነው። ገበያ ሲወጡ ሰው በአነጋገራቸው ይሥቅባቸዋል። ዓሣቸውን ይገዛል፣ ቃላቸውን ይደግምና ይሥቃል። ትልልቆቹ ልጆቻችን እንደኛ አይሰደቡ አሉና በልጆቹ ፊት መናገር ተዉ። ልጅ ሲገባ ዝም ይላሉ። ለብቻቸው ሲሆኑ ብቻ ያወራሉ። ልጆቹም አልጠየቁ። በኋላ ሽማግሎቹ አንድ በአንድ አለቁ።"

"ስለዚህ አማርኛ አልነጠቃችሁም። ትልልቆቹ ዝም አሉ።"

"ለደግ ብለው ነዋ! ለልጆቹ ብለው!"

"ለደግ ብለው ነው፤ ማን ይወቅሳቸዋል? እርስዎስ ረመዳን ከወጣ ወዲህ ዝም ያሉት ለማን ብለው ነው?"

የተናገርኩት ካመለጠኝ በኋላ ደነገጥኩ። በዕድሜ አባቴ የሚሆን ሰው ፊት እንዲህ አይባልም። ጋሽ አብዱልመጂድ ገመዱን አነሡና አንድ ዙር ጠመጠሙ፤ መልሰው ፈቱት።

"ክፉ ተናገርሽኝ" አሉ በመጨረሻ።

"ይቅርታ ያድርጉልኝ።"

"ተይው። ክፉ ተናገርሽኝ እንጂ አልዋሸሽኝም። እነሱ እንኳ ከልጆቻቸው ጋር አንድ ቤት ነበሩ። እኔ ቤቱንም ተውሁት።"

እዚህ ላይ የራሴንም ነገርኳቸው። እናቴ የሀዲያ ልጅ ናት። እኔ ናዝሬት ተወልጄ ሀዲይኛ የሚያስተምረኝ ሳላገኝ አደግሁ። ሴት አያቴ ስትደውል ስልኩን ተቀብዬ "እናቴ፣ ነይ" ብዬ አሳልፋለሁ። አያቴ ስሜን ትጠራና ብዙ ነገር ትለኛለች፤ ድምፅዋ ውስጥ ፍቅር እንዳለ አውቃለሁ፤ ምን እንዳለችኝ ግን አላውቅም። ከሞተች ወዲህ ያ ድምፅ በጣም ይናፍቀኛል። ያኔ ድምፅዋን የሚይዝ፣ ቃሏን ከሥዕል ጋር የሚያሳይ ዕቃ በእጄ ቢኖርና እናቴም አጠገቤ ብትቀመጥ ኖሮ፣ ዛሬ ቢያንስ ምን ትለኝ እንደነበር አውቅ ነበር።

"ሁለታችንም አንድ በሽታ ነው ያለብን" አሉ ጋሽ አብዱልመጂድ።

"የሱምያ ጥርስ አልተወረወረም" አልኳቸው ያን ጊዜ። "እናቷ ልትወረውርላት ብትል 'አባባ ይምጣና ይወርውርልኝ' ብላ አልቅሳ አስቀረቻት። በወረቀት ተጠቅልሎ ቁም ሣጥኑ ላይ አለ።"

ፎጣቸውን ከትከሻቸው አውርደው ፊታቸውን ጠረጉ። ላብ አልነበረም።

"መሐላዬ ማፍረሻ ከፋራ አለው፤ ምስኪን ማብላት ነው። ዓሣ እንደሆነ አላህ አይነሳኝም" አሉ። ፎጣውን ትከሻቸው ላይ መልሰው ደግሞ "ያ ዕቃ የሰው ድምፅ ይይዛል ነው ያልሽው?"

"የራስን ሥዕልና ድምፅ መጨመሪያ አለው።"

"ቆሮሶም ይላል?"

"እርስዎ ካሉት ይላል።"

"ከዚያስ ያጨበጭባል?"

"ያጨበጭባል።"

"እንግዲያ ለእኔም ያጨብጭብ" ብለው ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቁ።

ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ዘሊካ ቤት መጡ፤ እኔም እዚያ ነበርኩ፤ ምስኪኖቹን ጠዋት አብልተው ነበር። ሱምያ ከበሩ ላይ ዘላ አንገታቸው ላይ ተጠመጠመችና ጥርሷን ልታመጣ ሮጠች። እሳቸውም ወረወሩላት፤ የጣራው ቆርቆሮ ላይ ሲያርፍ ኳ ብሎ ተሰማ። ዘሊካ ግን በሩን ተደግፋ አንገቷን ደፍታ ቆማ ነበር።

"አባዬ፣ ጥፋቱ የኔ ነው" አለች። "ሥራ ውዬ ስመጣ ይደክመኛል። እሱን ሰጥቻት እጋደማለሁ። ማስተማሪያ ብዬ ገዝቼ ሞግዚት አደረግሁት።"

"የኔም ነው። ዕቃው አላባረረኝም፤ ራሴ ነኝ የሄድሁ። አንቺስ እንግሊዝኛ ሲነሣ እንደምታፍሪ ለምን አልነገርሽኝም?"

"ምን ታደርግልኝ ነበር?"

"ምንም። ግን አውቅልሽ ነበር።"

ያን ዕለት ሦስታችን ተማከርን። ታብሌቱ የሚከፈተው ትልቅ ሰው አጠገቧ ሲኖር ብቻ ሆነ፤ እሱም ለአጭር ጊዜ። ሱምያ አንድ የእንግሊዝኛ ቃል ስትማር ያንኑ በአማርኛ ለአያቷ ትነግራለች፤ አያቷም ስለ ነገሩ የሚያውቁትን ይጨምሩላታል። እናቷም አብራ ትደግማለች፤ ልጇ ፊት መሳሳት ቀለላት መሰለኝ አሁን አሁን ስብሰባ ላይ እጇን ታወጣለች። ታብሌቱ የማያውቃቸውን የሐይቁን ነገሮች ደግሞ በሥዕልና በጋሽ አብዱልመጂድ ድምፅ እንጨምር ጀመር። ይኸው ነው፤ ተአምር የለበትም። ስክሪኑን ለልጅ ሰጥቶ መሄድ ጉዳት አለው፤ ስክሪኑን ጠልቶ ከልጅ መሸሽም ጉዳት አለው። አጠገቧ ብንቀመጥ ግን ልጅቷ ሁለት ቋንቋ ታተርፋለች፣ እኛም እሷን አናጣም። ባለፈው ሳምንት ታብሌቱ የዓሣ ሥዕል አሳይቶ "ፊሽ" ሲል፣ ሱምያ ተቆጥታ "ፊሽ ሁሉም ዓሣ ነው፤ ይሄ ግን ቆሮሶ ነው!" ስትለው ሰምቻለሁ። እኔ ብሆን ይህን ልዩነት ለተማሪዎቼ ለማስረዳት አንድ ክፍለ ጊዜ ይፈጅብኝ ነበር።

አዲሱ ታንኳ ውኃ የገባ ዕለት ሁላችንም ወረድን። ሱምያ ትንሿ ምንጣፏ ላይ ቆማ ታብሌቱን በሁለት እጇ ዘርግታለች። ጋሽ አብዱልመጂድ ታንኳውን በትከሻቸው ገፍተው አስገቡና እጃቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ያን ጥሪ ተጣሩ። ረጅም ነው፤ መጨረሻው ላይ ከፍ ይላል። ሐይቁ ላይ ሄደ፤ ይብራዎቹ ከውኃው ላይ በረሩ፤ የመለሰ ግን አልነበረም።

"ያዝኩት!" አለች ሱምያ። ከዚያ እንደ ልማዷ "አባባ፣ ምን ማለት ነው?"

"አላውቅም ልጄ።"

"ማን ያውቃል?"

"አሁን የሚያውቀው ሰው የለም።"

ወደ እናቷ አየች፤ ወደ እኔ አየች። ሁለታችንም ራሳችንን ነቀነቅን። ሱምያ ግንባሯን ቋጠረች።

"የሚያውቁት ሰዎች በነበሩ ጊዜ ማንም አልጠየቃቸውም?"

ጋሽ አብዱልመጂድ ጉልበታቸው ድረስ ውኃ ውስጥ እንደቆሙ ቀሩ። "አልጠየቅናቸውም" አሉ።

ሱምያ ታብሌቱን ምንጣፉ ላይ አስቀመጠች። ወደ ውኃው ወርዳ እጃቸውን ይዛ አወጣቻቸውና አጠገቧ አስቀመጠቻቸው። የተረፈውን ገመድ ከመሬት አነሣችና "ይሄስ ምን ይባላል?" አለቻቸው።

እሳቸውም ነገሯት። ከዚያ ደንገሉን ጠየቀች፤ ከዚያ መቅዘፊያውን። ለእያንዳንዱ እየመለሱላት እዚያው ዋሉ፤ እኛም ኑ ወደ ቤት አላልናቸውም።