ድምፅ የተሰጠበት ማርሽ

በደርግ ጊዜ ነው። አዋሳ አንድ ፋብሪካ ውስጥ መሐንዲስ ነበርኩ። መለዋወጫ በኮምፒውተር የሚነድፉ ሁለት ፕሮግራሞች ለሙከራ መጡልን፤ አንዱ ከወዳጅ ሶሻሊስት አገር፣ ሌላው ከምዕራብ። የሚገዛው አንዱ ስለሆነ አወዳድሪ ተባልኩ። በሁለቱም አንድ ዓይነት ማርሽ ነድፌ በብረት አሠራሁ። የምዕራቡ ማርሽ የፋብሪካችን ማሽን ላይ ገብቶ ዞረ፤ የወዳጃችን ግን ጥርሱ አልገጥም አለ።

ይህንኑ ስብሰባ ላይ ስናገር ካድሬያችን፣ “የትኛው እንደሚሻል ሰፊው ሠራተኛ ይወስናል” ብሎ ድምፅ አሰጠ። አዳራሹ በሙሉ ለወዳጅ አገር እጁን አወጣ። እኔ እጆቼን አጣጥፌ ተቀመጥኩ። አጠገቤ ያለው የወርክሾፕ ኃላፊ በክርኑ ጎሸም አድርጎኝ፣ “አውጪና እንገላገል፤ ሐይቅ ዳር ዓሣው እየጠበቀን ነው” አለኝ።

“ጓድ፣ ያንቺን እጅ አላየሁም” አለ ካድሬው።

“አላወጣሁም።”

“ብቻሽን ነሽ እኮ።”

ያኔ ብቻውን የቀረ ሰው ምን እንደሚገጥመው ታውቃላችሁ። አልገጥም ያለውን ማርሽ ከቦርሳዬ አውጥቼ ፊቱ አስቀመጥኩለት።

“ብቻዬን አይደለሁም፣ ጓድ። ማሽኑም እጁን አላወጣም። ይሂዱና መጀመሪያ እሱን ያሳምኑት።”