ላስቲክ የበላችው ፍየል

ልንገራችሁማ! ልጄ ሰናይት የሕፃናት የሥዕል መጽሐፍ ትጽፋለች። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ዌስትላንድስ ከሚባለው የከተማችን ሰፈር የመጣች ሐበሻ አሳታሚ ባለችበት፣ አዲሱን ረቂቋን ለልጆች አነበበች። በታሪኩ መጨረሻ ፍየሏ ሰው የጣለውን ላስቲክ በልታ ሞተች። ልጆቹ አለቀሱ፣ አሳታሚዋ ፊቷን አጨማደደች፣ ልጄ በላብ ተጠመቀች።

ከፊደል ያላለፍኩት እኔ ብድግ አልኩ። «በእኛ ተረት ፍየል እንዲህ በዋዛ አትሞትም! ተነሥታ ላስቲኩን የጣለው ሰውዬ አልጋ ላይ ወጣች፤ ሰፈሩን ጠርጎ እስኪጨርስ ‹ምእ!› እያለች እንቅልፍ ነሣችው!» ልጆቹ በሳቅ ፍርስ አሉ። «ሾሾ፣ ድገሚልን፣ ፕሊዝ!» አሉኝ፤ በተወለዱበት አገር ቋንቋ አያት ማለታቸው ነው። አሳታሚዋም የሳቅ እንባዋን እየጠረገች፣ «በዚህ መጨረሻ ከሆነ ነገውኑ አሳትመዋለሁ» አለች።

ልጄ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። «እማዬ፣ መጽሐፉ ላይ ስምሽ ከስሜ በታች ይገባል!»

«በታች? ማን ማንን ወለደና!»