የጾም ድስትና የሳሪት እንቁላል

አያ ምንይችል ጎንደር የታመመ ወንድማቸውን ጠይቀው፣ የልጅ ልጃቸውን ሳሪትን ታቅፈው ወደ ዛሪማ ሊመለሱ ነበር። ከፒያሳ ወደ መናኸሪያ በሚሄደው ባጃጅ አጠገባቸው የተቀመጠችው ነርስ ዳግማዊት ዓይኗን ከሕፃኗ እግር ላይ አልነቅል አለች። ሽማግሌው ደስ አላቸው።

«እናቷ ለሥራ ሁመራ ከሄደች ወዲህ እኔው ነኝ የማሳድጋት። ወፈረችልኝ፣ ተመስገን» አሉ።

ዳግማዊት የሕፃኗን እግር በአውራ ጣቷ ጫን አድርጋ ለቀቀች። የጣቷ ጉድጓድ ሳይሞላ ቆየ።

«ይቅርታ ያድርጉልኝና አያ፣ ይህ ውፍረት አይደለም፤ ውኃ ነው። ምን ይመግቧታል?»

«እንጀራ በሻይ፣ ድንች። ሽሮው ሆዷን እንዳይነፋት ተውኩት።»

«እንቁላልስ?»

«በሁዳዴ?»

«ሕፃን መች ይጾማል?»

«እሷማ አትጾምም፤ ድስቱ ነው የሚጾመው። ፍስክ ከነካው እኛ በምን እንብላ?»

አያ ምንይችል የረቷት መሰላቸው። ደግ ሰው ናቸው፤ ደግነት ብቻውን ግን ልጅ አያሳድግም።

«አያ፣ ሥጋችንም፣ ጠጉራችንም፣ በሽታ የምንመክትበትም የሚሠራው ከፕሮቲን ነው። ፕሮቲን በክር እንደተሰካ ዶቃ ነው፤ ዶቃው ሃያ ዓይነት ነው። ክሩ እንደየሥራው ይጠቀለላል፤ አንዱ ሥጋ ይሆናል፣ አንዱ ውኃውን ደም ውስጥ ያቆያል። አንዳንዱን ዶቃ ሰውነት ራሱ አይሠራም፤ ከምግብ ነው የሚያገኘው። እንቁላልና ወተት ሁሉንም ይዘዋል። ጤፍ የጎደለውን ባቄላና ሽምብራ ይሞሉለታል። ድንች ሆድ ይሞላል እንጂ ዶቃው ጥቂት ነው፤ ሻይማ ጭራሽ የለውም።»

«እኛስ ይህን ሳናውቅ አድገን የለ?»

«እናንተማ አደጋችሁ። ያላደጉትንስ ማን ይቆጥራቸዋል?»

አያ ምንይችል ሦስት ልጆች በዚሁ ዕድሜ ቀብረዋል፤ የአንደኛው እግር አብጦ ነበር። ያኔም ጎረቤት ሁሉ ወፈረ ብሎ ነበር። ሳሪትን ወደ ደረታቸው አስጠጓት።

«ዛሪማ ስገባ እንቁላል ልስጣት?»

«እንዲህ ካበጠች በኋላ እንቁላል ብቻውን አያድናትም። ዛሬውኑ ሐኪም ይያት፤ እኔ አደርስዎታለሁ።»

«እሺ ልጄ» አሉና ለባጃጁ ሹፌር «ወደ ሐኪም ቤት አዙረው» አሉት።

ሳሪት ታክማ ዳነች። ለእሷ ብቻ ትንሽ የሸክላ ድስት ተገዛችላት፤ ሽሮዋም በደንብ በስሎ በእንጀራ ይፈተፈትላታል። ቀልቶ የነበረው ጠጉሯ ጠቆረ፣ ከጥጃ ጋር መሯሯጥ ጀመረች፣ ጉንፋንም እንደ ድሮው አይጥላትም።

በፍልሰታ ጎረቤታቸው ፋንታሁን ሕፃን ልጁን አቅፎ መጥቶ «ምነው አያ፣ በጾም እንቁላል ይቀቀላል?» አላቸው።

«እኔ ድስት ስጠብቅ ሦስት ልጅ ቀብሬያለሁ» አሉት። «ዶሮ ከሌለህ ከእኔ ውሰድ። ልጅህን ግን አብላት።»