የበቅሎ አከራዩና የመሰናበቻው ቁልፍ

አቶ አለምነህ የመጨረሻዪቱን ዳማ በቅሏቸውን እየሳቡ ወደ ዳባት ገበያ ሲጓዙ፣ ከደባርቅ መውጫ ላይ ከእኅታቸው ልጅ ከሊድያ ጋር ድንገት ተገናኙ። እርሳቸው በስሜን ተራሮች እንግዳ በበቅሎ ሲመሩ የኖሩ ሰው ናቸው። እርሷ ጎንደር ተምራ የተመለሰች፣ ከእንግዶቻቸው ጋር የምትጻጻፍላቸው ልጅ ናት።

«ጋሼ፣ ይህችንም ሊሸጧት ነው?»

«ምን ላድርግ ልጄ፤ እንግዳው እንደሆነ ጠፋ። እሷ ከሄደች እንግዲህ ተራራውን ከደጄ ተቀምጬ ማየት ነው።»

«ትንሽ ይታገሡኝ። የድሮ እንግዶቻችንን በኢሜይል የምንጠራበት አገልግሎት ስመርጥ ነበር፤ ሁለት አግኝቻለሁ። አንደኛው የማናውቃቸውን ብዙ ሰዎች አድራሻ ሰጥቶ ይልክልናል፤ ተቀባዩ በቃኝ የሚልበት የለውም። ሁለተኛው ‹ጻፉልን› ላሉን ብቻ ይልካል። ለጥቂት ሰው በነጻ ነው፤ በዚህ ደካማ ኔትወርክም ከስልኬ ይሠራል። ከመልእክቱ ግርጌ ግን ተቀባዩ በቃኝ ሲል የሚነካው የመሰናበቻ ቁልፍ አለው።»

የእኛ አገር ሰው፣ ሊሄድ የተነሣውን እንግዳ በሞቴ ብሎ መልሶ ካላስቀመጠ ያከበረው አይመስለውም። አቶ አለምነህም ተቆጡ።

«ሰላም እያልኩት በሩን ላሳየው? ይህማ ማባረር ነው! የመጀመሪያው ይሁን።»

«ጋሼ፣ የማያውቁትን መንገደኛ ጎትተው አስገብተው፣ በር ቆልፈው በሞቴ ይላሉ?»

«ምን በወጣኝ! ያማ እስራት ነው።»

«የመጀመሪያውም እሱ ነው። በግድ የተላከለት ሰው ተናዶ በኢሜይል ድርጅቱ ዘንድ ይከሰናል፤ ከዚያ ወዲያ መልእክታችን ለወዳጆቻችንም አይደርስም። መሄድ እንደሚችል ያወቀ ግን ተረጋግቶ ይቀመጣል።»

ተምሬአለሁ ባይ ወጣት ሁሉ እንዲህ በትዕግሥት ቢያስረዳ ምንኛ በጎ ነበር!

«እሺ፤ ግን ሰላምታዬ እንደ አዋጅ ለሁሉም አንድ ሊሆን ነው?»

«የለም፤ እያንዳንዱን በስሙ ይጠራል።»

«እንዲያ ከሆነ ጻፊ፦ ክረምቱ ወጥቷል፣ መንገዱ ተከፍቷል፣ ዳማዋም ደኅና ናት፤ ይምጡ።»

ሊድያ ‹ጻፉልን› ላሏት የድሮ እንግዶች ሁሉ ጽፋ ላከችው።

«ደረሰ እኮ ጋሼ።»

«ባሕር ተሻግሮ? ለሁሉም?» ባርኔጣቸውን አውልቀው ቆሙ። የሰው ቃል እንዲህ ይሮጣል ብለው አስበው አያውቁም።

ገበያው እንዳያልፍባቸው ሊነሡ ሲሉ ስልኩ ጮኸ። ሊድያ አይታ ከፋት።

«የድሮ እንግዳችን፣ የጀርመኗ ወይዘሮ ሄልጋ ቁልፉን ነክተው ተሰናበቱ።»

«አላልኩሽም!»

«ይቆዩ፣ ምክንያታቸውን ጽፈዋል፦ ‹ጉልበቴ ከእንግዲህ ተራራ አይወጣልኝም፤ ስለዚህ ለእኔ አይጻፉ። ለልጄ ይጻፉላት፤ እርሷም ፈቅዳለች፤ አድራሻዋ ይኸው። ከጓደኞቿ ጋር ልትመጣ ወስናለች። እኔን የተሸከመች በቅሎ እርሷንም ትሸከምልኝ።›»

አቶ አለምነህ ዐይናቸው እንባ ሞላ። «ዕፁብ ነው!» አሉ ቀስ ብለው። «በሩን ብዘጋባቸው ኖሮ ተቀይመው ዝም ይሉኝ ነበር።»

ደንበኛውን በኢሜይል ሊጠራ የሚሻ ነጋዴም ይህን ልብ ይበል፤ የፈቀደለትን ሰው በስሙ ይጥራ፣ መሄድ ለሚፈልግም መንገድ ይተውለት። እንዲህ ሲሆን ድካሙ ይቀንሳል፣ ስሙ ይከበራል፣ የሄደውም በደግ ያነሣዋል።

«ለልጅቱ ምን ብዬ ልጻፍ?» አለች ሊድያ።

«ነይ በያት» አሉ አቶ አለምነህ በቅሏቸውን ወደ ደባርቅ እየመለሱ፤ «ቁልፏንም እንዳትረሺ።»