ቀለም አልፈሰሰበትም

ክቡራን አባቶቼ፣ እናቶቼ፣ እህቶቼ፣ ወንድሞቼ፣ በጠዋት ከሩቅ የመጣችሁ እንግዶች፣ ሁላችንንም ያጽናን። እኔ የጽሕፈት መሣሪያ መደብሩ ባለቤት ነኝ። የዚች ዛሬ የምንሸኛት እህታችን ጎረቤት። ጎረቤት ስል ደግሞ ግድግዳ ለግድግዳ እንዳይመስላችሁ፤ የሥራ ክፍሏ የሱቄ ጓዳ ነው። በመካከላችን አንዲት መጋረጃ ብቻ ነበረች። ወሬ እንደምወድ የምታውቁኝ "ዛሬስ አሳጥሪ" ብላችሁኛል። እሞክራለሁ።

ከሁሉ በፊት ግን አንድ ነገር። ሳጥኑን ይዘን ስንመጣ ከኋላዬ ሰው ሲንሾካሾክ ሰምቻለሁ። "ውይ፣ ፎቶው ላይ ቀለም ፈሶበታል! ማን ነው ያተመው?" አለ። ማን እንዳለው አልናገርም፤ ራስህን ታውቃለህ። ቀለም አልፈሰሰበትም፣ ወንድሜ። እናቷ አቅፈው በያዙት ፎቶ ላይ፣ ግራ ጉንጯ ላይ የምታዩት ጠቆር ያለ ምልክት የራሷ ነው። ማርያም የሳመቻት ነው። ይዛው ተወለደች፣ ይዛው ልትሄድ ነው።

አይፈረድባችሁም። ከየት ታውቁታላችሁ? በኮምፒውተር የምትስለውን ይቺን ሠዓሊ አብዛኞቻችሁ የምታውቋት በእጇ ነው። በቪዲዮዎቿ ከእጇና ከኮምፒውተሯ ስክሪን ሌላ ምን አይታችሁ ታውቃላችሁ? በዓል በመጣ ቁጥር የወረቀት ኮከብ ስትቆርጥ እጇ። ፋኖስ ስታጣጥፍ እጇ። የመልካም ምኞት ካርድ ስትነድፍ፣ ፎቶ ስታስተካክል፣ እጇ። "ቀለሜ" ብላችሁ ስም ያወጣችሁላትም እናንተው ናችሁ። ፊቷን ግን ገና ዛሬ አያችሁት። መጀመሪያችሁም መጨረሻችሁም ዛሬ ነው። ለጥቂት የሌላ ሰው ፊት አይታችሁ ልትመለሱ ነበር እኮ! እሱን ልነግራችሁ ነው የቆምኩት።

ግን እንዴት ነው ነገሩ? እኔ እስካሁን አልገባኝም። ከትናንት ወዲያ ረፋዱ ላይ ነበረች። ነበረች እኮ! ከመጋረጃው ወዲያ መቀሷ ቅርጭጭ ቅርጭጭ ይላል። እየቀረጸች ነበርና ታስረዳለች። "የምትቆርጡበትን መስመር ደማቅ፣ የምታጥፉበትን ደብዛዛ አድርጋችሁ አትሙ፤ አለዚያ ኮከቡን መታጠፊያው ላይ ትበጥሱታላችሁ" ትላለች። የደህና ሰው ድምፅ! ደንበኛ ገባ። ጠራኋት። "ቀለሜ! ደንበኛ!"

ይሄን ጥሪ ታውቁታላችሁ አይደል? ሳቁ፣ ሳቁ፣ አይከፋትም። መጀመሪያ ጊዜ እኮ አበላሽቼባት ነው። እሷ በጥሞና እያስተማረች፣ እኔ ሳላውቅ ጮኼ ቪዲዮዋ ውስጥ ዘው አልኩ። አፍሬ የምገባበት ጠፋኝ። "ይቅር በይኝ እህቴ፣ እንደገና ቅረጪው" ብላት "ተይው፣ ሱቁ ሰው እንዳለበት ይወቁ" ብላ እንዳለ ለቀቀችው። እናንተ ደግሞ ትምህርቱን ትታችሁ "ይቺ የምትጮኸው ሴትዮ ማን ናት?" ብላችሁ ጻፋችሁ። ከዚያ ወዲህ ሳልጮህ ከቀረሁ "ሴትዮዋ ታመመች እንዴ?" ትላላችሁ። እሷም መልሷ ሁሌ አንድ ነበር። "አስቀምጫቸው፣ ይቺን ልቁረጥና መጣሁ!"

ከትናንት ወዲያ አልመለሰችም።

ደግሜ ጠራሁ። መጋረጃውን ገለጥኩ። ወንበሯ ላይ ናት። መቀሱ ጣቷ ላይ ነው። ኮከቡ ግማሽ ድረስ ተቆርጧል። ስልኳ አሁንም ይቀርጻል! ሐኪሙ መጣና "ልቧ ነው" አለ። ልቧ? አንድ ቀን እንኳ አሞኝ ነው ሳትል? ሰው እንዴት ወረቀት እየቆረጠ ይሞታል? ንገሩኝ፣ እንዴት?

አንድ አመል ነበራት። ወረቀት ስትቆርጥ የሳተች እንደሆነ ግራ እጇ ብድግ ይልና ጠረጴዛውን በሁለት ጣት ጫን ያደርጋል። ኮምፒውተር ላይ የተሳሳቱትን መመለሻው እሱ ነዋ፤ ኮንትሮል ዜድ። ወረቀት ደግሞ አይመለስ! "ምን እየነካካሽ ነው?" ስላት "ውይ፣ እጄ ረሳው" ትላለች። ሆዳችንን ይዘን እንስቃለን። ሐኪሙ ነግሮኝ ከወጣ በኋላ እኔ ምን ሳደርግ እንዳገኙኝ ታውቃላችሁ? ጠረጴዛዋ ላይ በሁለት ጣቴ ጫን። ጫን። ጫን። ኮምፒውተር እንኳን የማልነካ ሴትዮ!

እሺ፣ ወደ ፎቶው ልመለስ። ያ ከዛፉ ሥር አንገቱን አቀርቅሮ የቆመው ፎቶ አንሺያችን ነው። ቀና በል አንተ፣ ማንም አልተቀየመህም። ተማሪዋ ነው። "የቀብሯን ፎቶ ለኔ ተዉት" አለ። ዛሬ ጠዋት ይዞ መጣ። ከፍቅር ብዛት ምን አደረገ መሰላችሁ? ቆዳዋን አለስልሶ፣ ጥርሷን ገጥሞ፣ ጉንጯን ሙልጭ አድርጎ አጥርቶት! እኛም "ውይ ስታምር!" አልን። እናቷ ተቀበሉት። መነጽራቸውን አደረጉ። በጣታቸው ግራ ጉንጯን ዳሰሱ። ደግመው ዳሰሱ።

"ቆንጆ ናት" አሉ። "የማን ልጅ ናት?"

ፎቶ አንሺው ጠጋ አላቸው።

"እማማ፣ እሷው ናት እኮ። ትንሽ ብቻ አስተካክዬ…"

"ልጄ፣ እኔ የወለድኳትን አምጣልኝ።"

ቀለሜ ስታስተምር ምን ትል ነበር? "ብጉር ነገ ይድናል፣ አጥፉት። ጭረት ይሽራል፣ አጥፉት። አብሮት የሚኖረውን ግን ሰውየው ራሱ ሳይጠይቃችሁ እንዳትነኩ፤ ፊቱ የራሱ ነው።" ይሄን አልሰማም? ሰምቷል። ግን ፊቷን የማታሳየው አፍራበት መስሎት ኖሯል። አፍራበት! እኔ እኮ ጠይቄያታለሁ። "ምነው ፊትሽን ደብቀሽ ቀረሽ?" ብላት "ፊቴን ካዩ ማን እጄን ያያል? አቆራረጡን ይማሩ እንጂ!" አለችኝ። በቃ፣ ይሄው ነው።

ፎቶ አንሺው እንደ ሕፃን አለቀሰ። ላፕቶፑን ከቦርሳው አውጥቶ ከፈተ። ሌላስ ምን ትል ነበር? "ዋናውን እንዳትነኩ! መጀመሪያ ሌየሩን ገልብጡ፣ ከዚያ ግልባጩ ላይ ሥሩ።" ሌየር የሚሉት፣ ለእንደኔ ዓይነቱ፣ አንዱ ባንዱ ላይ እንደተነጠፈ ስስ ወረቀት ነው፤ ላይኛውን ትቀባለህ፣ የታችኛው እንዳለ ይቀመጣል። ይቺኛዋን ትምህርቷን ልጁ አልረሳትም! ከሌየሩ ጎን ትንሽ የዓይን ምልክት አለች። ጠቅ አደረጋት። ላይኛው ተገፈፈ።

ብቅ አለች! ከነምልክቷ፣ ከነፍንጭቷ፣ ከነሳቋ ብቅ አለች!

እናቷ ምን ቢያደርጉ ጥሩ ነው? ላፕቶፑን በሁለት እጃቸው ሳብ አድርገው ጉንጯን ሳሙት። የከንፈራቸው ምልክት ስክሪኑ ላይ ቀርቷል፤ ፎቶ አንሺው እስካሁን አልጠረገውም። እንደገና እስክናትም ነው እዚህ ፀሐይ ላይ ያቆምናችሁ። ይቅር በሉን። አሁን የምለምናችሁ አንድ ነገር ብቻ ነው። ከሩቅ የመጣችሁ፣ ዝም ብላችሁ እንዳትሄዱ። ወደ እማማ ጠጋ በሉና እዩት። በደንብ እዩት። ያን የምትወዱትን እጅ ከዚህ ፊት ጋር አጋጥማችሁ ያዙት። ልጃቸውን እንዳያችሁላቸው ይወቁ።

ቀለሜ፣ እህቴ። የጀመርሽውን ኮከብ አምጥቼልሻለሁ። አልጨረስኩትም። እኔ ብቆርጠው መታጠፊያው ላይ እንደምበጥሰው ታውቂ የለ? እንዳለ አብሮሽ ይሂድ። ነገ ሱቁን ስከፍት ያቺን መጋረጃ ምን እንደማደርጋት እንጃ። እውነት ነው ብዬ መች ተቀበልኩና።

እስቲ ለመጨረሻ ጊዜ ልጥራሽ። እነዚህም ለምደውታል።

ቀለሜ! ደንበኛ!

ስንት ደንበኛ መሰለሽ! አጥሩ ድረስ ሞልተውልሻል። ግዴለም፣ አትነሺ። ዛሬ "መጣሁ" አትበዪኝ። እኔው አስተናግጄ እሸኝልሻለሁ። አንቺ መቀስሽን አስቀምጪና አረፍ በይ።

ደህና ሁኚ፣ ቀለሜ።