ያልተጫወቱበት ጨዋታ

ከፍርድ ቤት ወጥቼ ወደ ቤቴ ስገባ የምኖርበት ሕንጻ ደረጃ ላይ መንገድ ተዘጋብኝ። ጎረቤቴ፣ ጡረተኛው መሬት ቀያሽ፣ አንድ ትልቅ ካርቶን በአንድ ጫፉ ይዘው ወደ ላይ ይጎትታሉ፤ የእህታቸው ልጅ በሌላው ጫፍ ይዛ ወደ ታች ትጎትታለች። ሁለቱም አይጮኹም፤ ሁለቱም ግን አይለቁም።

«እንኳን መጡ፤» አሉኝ ቀያሹ እያለከለኩ። «ጠበቃ አይደሉ? እስቲ ይፍረዱን። ይህ ንብረት የማን ነው?»

«የእርስዎ ነው አጎቴ፤ ማን ካደ?» አለች ልጅቱ። «ለምኜዎት ፈቀዱልኝ፤ ደረጃው ላይ ስንደርስ ሐሳብዎን ቀየሩ። የሰው ቃልስ ንብረት አይደለም ወይ?»

«ጠበቃ ይከራከራል እንጂ አይፈርድም፤» አልኳቸው። «ደግሞ ቆሞ መከራከር ለወገብ አይበጅም። ካርቶኑን አስቀምጡትና እንነጋገር።» ሦስታችንም ደረጃው ላይ ተቀመጥን።

ልጅቱ በሰፈራችን ሆስፒታል የአጥንት ክፍል ውስጥ በፊዚዮቴራፒ የምትሠራ ናት፤ በሽተኛውም ጎረቤቱም «ሲስተር» ይላታል። ካርቶኑ ውስጥ ያሉት ለበሽተኞቿ ማጫወቻ ልትወስዳቸው የፈለገቻቸው የሚና ጨዋታ መጻሕፍት ናቸው። ለማያውቀው አንባቢ ላስረዳ፦ ሰዎች ጠረጴዛ ከበው ይቀመጣሉ። አንዱ አጫዋች ሆኖ ታሪኩን ይጀምራል፤ የቀሩት እያንዳንዳቸው የአንድ ሰው ሚና ይይዛሉ። «ወንዙ ሞልቷል፤ ምን ታደርጋላችሁ?» ይላል አጫዋቹ። «እዋኛለሁ» ያለ ሰው ዳይስ የሚባለውን ባለ ቁጥር ጠጠር ይጥላል፤ ቁጥሩ ከፍ ካለ ይሳካለታል፣ ካነሰ ይከሽፍበታል። አሸናፊም ተሸናፊም የለም፤ ታሪኩን ተጋግዘው ይፈጥሩታል።

ቀያሹ እነዚህን መጻሕፍት ከሥራ ዘመናቸው ጀምረው በደረሱበት ከተማ ሁሉ ሲሰበስቡ ኖረዋል። ሳሎናቸው ውስጥ በመስታወት ቁምሳጥን ተደርድረዋል፤ ብዙዎቹ እንደ ታሸጉ ናቸው። አንድ ቀን እንኳ ግን ተጫውተውባቸው አያውቁም።

«ሰው እጁን ሳይታጠብ ይገልጠዋል፤» አሉ ቀያሹ። «በእርሳስ ይሞነጫጭርበታል። አንዳንዱ እኮ ዳግመኛ አይታተምም። እኔ ካልጠበቅሁት ለሚመጣው ትውልድ ማን ያቆይለታል?»

«የሚመጣውስ ትውልድ በመስታወት ሊያየው ነው? ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ማለት እንዲህ አይደል?»

ሳቄ አመለጠኝ። ቀያሹ ገላመጡኝና ወደ እሷ ዞሩ።

«እሺ፣ መጽሐፉ ይቆሽሽ እንበል። ሕጉን ሳያውቁ እንዴት ይጫወቱታል? እኔ ስንት ጊዜ አንብቤው ገና ተምሬ አልጨረስኩትም። ከመጠምጠም መማር ይቅደም ይባላል፤ ልብ አድርጊ።»

«ተረቱ መማር ይቅደም አለ እንጂ ዕድሜ ልክ ተማር አላለም። መንዳት የሚለመደው መሪ ተይዞ ነው። እኔ በሽተኞቼን የምጠይቃቸው ይህችኑ ነው፦ ማን ነህ? ምን ትፈልጋለህ? ምን ታደርጋለህ? የቀረውን እየተጫወቱ ይደርሱበታል።»

«እንዲያው በድፍረት!»

«አዎ፣ በድፍረት። ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ አጎቴ፣ ለመጽሐፉ ብቻ ሰግተው አይመስለኝም። ‹አብራችሁኝ ተጫወቱ› ብሎ ሰው መጠየቅ ከብዶዎት ነው።»

ሽማግሌው ካርቶኑን ወደ እግራቸው ሳቡት። እውነቷን ነበር። ጡረታ ከወጡ ወዲህ የእሳቸው በር የሚከፈተው ለእህታቸው ልጅና ለመብራት ቆጣሪ አንባቢው ብቻ ነበር። ብቸኝነት እንዲህ ነው፤ መጀመሪያ ሥርዓት አክባሪነት ይመስላል፣ ቀስ እያለ ግን ሰውየውንም ከመጽሐፉ ጋር ያሽገዋል።

«ፍርድ ከሆነ የፈለጋችሁት፣» አልኩ፣ «ካርቶኑ ይሂድ፤ ባለቤቱም አብሮት ይሂድ።»

«እርስዎስ?» አሉኝ።

«እኔ ምስክር እሆናለሁ።» እውነቱን ለመናገር፣ ነገሩ ለልጆች የሚሆን ይመስለኝ ስለነበር ለማየት ጓጉቻለሁ።

ካርቶኑን ተጋግዘን ይዘን ሆስፒታሉ ደረስን። የፊዚዮቴራፒው ክፍል ሰፊ ነው። በአንድ በኩል በሽተኞች ይዘው የሚራመዱባቸው ሁለት አግድም ብረቶች፣ ፊት ለፊቱ ትልቅ መስታወት፣ ጥጉ ላይ የላስቲክ ኳሶች። ከብረቶቹ አጠገብ አንድ ጠረጴዛ ተዘርግቶ ሦስት ሰዎች ይጠብቁናል፦ ከመሰላል ወድቆ ቁርጭምጭሚቱ የተሰበረ ቀለም ቀቢ፣ የጉልበቷ ጅማት የተበጠሰባት ልብስ ሰፊ፣ ዳሌው የተጠገነ የአውቶቡስ ሾፌር። ሾፌሩ ኮስተር ያለ ሰው ነው። ሐኪሙ «ተነስ፣ አጥንትህ ይችላል» ቢለውም ከተሽከርካሪ ወንበሩ ንቅንቅ አልል ብሏል። ሲለምኑት «ቆሜስ ምን ልሆን?» ብሎ ፊቱን ያዞራል። በዚህ ከቀጠለ ጡንቻው ሟሽሾ እንደማይመለስ ሲስተር በጆሮዬ ነገረችኝ።

«ሕግ አለን፤» አለች ድምጿን ከፍ አድርጋ። «ዳይስ የሚጥል ሰው ይቆማል። ብረት ይዞም ይሁን ሰው ተደግፎ፣ ይቆማል።»

«በየትኛው ገጽ ላይ ነው ይህ?» አሉ ቀያሹ መጽሐፉን እየገለጡ።

«በየትኛውም ገጽ ላይ የለም፣ አጎቴ።»

ሚና ሲመረጥ ቀለም ቀቢው አዝማሪ ልሁን አለ። ልብስ ሰፊዋ ሌባ መረጠች፤ «ዕድሜዬን ሙሉ የሰው ልብስ ስለካ ኖርኩ፤ አሁን ደግሞ ኪሱን ልፈትሽ፤» አለች። ሾፌሩ ግን «እኔ በረኛ ነኝ፤ ቁጭ የሚል በረኛ፤» ብሎ እጁን አጣጠፈ። ተራው በደረሰ ቁጥርም «እለፉኝ» ይላል።

ጨዋታው አልሞቀም። ሌባዋ ቁልፍ ልስረቅ ስትል ቀያሹ «የለም፣ የለም፣ ሌባ መጀመሪያ የሚጥለው ይህን ዳይስ አይደለም» ይላሉ። አዝማሪው ልዝፈን ሲል ምዕራፍ ይጠቅሱበታል። ቀለም ቀቢው አዛጋ። ሲስተር ከንፈሯን ነክሳ ታጫውታለች።

በታሪኩ ከገደል ወደ ገደል የተዘረጋ የገመድ ድልድይ ላይ ሲደርሱ አንዲት ነርስ ብቅ ብላ ሲስተርን ለአዲስ በሽተኛ ጠራቻት። «አጎቴ፣ ይቀጥሉላቸው፤» አለች፤ በሽተኞቹን የሚደግፈው ረዳቷ ከእነሱ እንዳይርቅ በዓይኗ አዝዛ ወጣች።

ቀያሹ አመድ መሰሉ። ሁሉም ያያቸዋል። «ድልድዩ... ድልድዩ ተበጠሰ፤» አሉ በመጨረሻ። «ሌባዋ ገመዱ ላይ ተንጠለጠለች። ስለ ገመድ የሚለው እዚህ ጋ ነበር፣ ቆይ...» ገጹን ያገላብጡ ጀመር።

«ጋሼ!» አለች ልብስ ሰፊዋ። «እኔ እኮ ገደል ላይ ተንጠልጥያለሁ! እርስዎ ገጽ ይቆጥራሉ!»

ክፍሉ በሳቅ ተሞላ። ሽማግሌው ተቀይመው የሚወጡ መስሎኝ ነበር። እሳቸው ግን ለአፍታ ልብስ ሰፊዋን አዩ፤ መጽሐፉንም አዩ፤ ከዚያ ከደኑት። ወደ ሾፌሩ ዞረው፣ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ እንዲህ አሉ፦

«በረኛው! የገመዱ ጫፍ እግርህ ሥር እየተንሸራተተ ነው። ከአንተ በቀር የሚደርስላት የለም። ምን ታደርጋለህ?»

«እይዘዋለሁ፤» አለ ሾፌሩ ሳያስብ።

«እንግዲያው ጣል።»

ሾፌሩ ዳይሱን አንስቶ በመዳፉ ውስጥ አገላበጠው። «ተቀምጬ ልጣለው?»

«በመጽሐፉ ከሆነ ተቀምጠህ መጣል ትችላለህ፤» አሉ ቀያሹ። «በእኛ ጨዋታ ግን የሚጥል ሰው ይቆማል።»

ሾፌሩ ጥርሱን ነከሰ። ረዳቱ ቀረበው። በአንድ እጁ ብረቱን ጨብጦ፣ ግንባሩ ላብ አውጥቶ፣ ቀስ፣ ቀስ እያለ ተነሳ። ዳይሱን ጣለ። ዳይሱ ተንከባሎ ብረቶቹ ሥር ገባ፤ እኔ፣ የተከበርኩት ጠበቃ፣ በእንብርክኬ ሄጄ ቁጥሩን አነበብኩ። ትንሽ ነበር።

«ገመዱ አመለጠህ፤» አሉ ቀያሹ። ልብስ ሰፊዋ አፏን በእጇ ያዘች። «ነገር ግን ቋጠሮው ድንጋይ ላይ ተይዟል። አንድ ዕድል አለህ። ደክሞህ ከሆነ...»

«ማን ደከመው?» አለ ሾፌሩ። «ቆሜ አይደል ያለሁት? አምጡት ዳይሱን!»

ሁለተኛው ውርወራ ተሳካ። ሌባዋ ወደ ላይ ተሳበች፤ ጭብጨባው ኮሪደሩ ድረስ ተሰማ። ሲስተር በሩን ከፍታ ሾፌሩን እንደ ቆመ አየችው። «ማን ነው የሚያጫውታችሁ?» ብላ ጠየቀች። ሁሉም ወደ ሽማግሌው ጠቆሙ።

ወደ ቤት ስንመለስ ቀያሹ መንገዱን ሙሉ ሲናገሩ ሄዱ። እንዲያ ሲናገሩ ሰምቻቸው አላውቅም።

«ዕድሜዬን ካርታ ስሠራ ኖሬያለሁ፤» አሉኝ። «ካርታ የሚሠራው ሰው እንዲሄድበት ነው። እኔ ግን ሕጉን ተምሬ ሳልጨርስ አልጫወትም ብዬ፣ ዕድሜዬ ሊያልቅ!»

«ታዲያ መሰብሰቡን ሊተዉ ነው?»

«ለምን እተዋለሁ? ዳግመኛ የማይታተመውን እጠብቀዋለሁ፤ መጠበቅም ሥራ ነው። የቀረው ግን ወደ ሰው እጅ ይወጣል። ቢቆሽሽም ይቆሽሽ። ዛሬ ያየሁትን አይተዋል? ያ ሰው ለራሱ አልነሳም ብሎ ነበር፤ ለሰው ሲሆን ተነሳ። እኔም ሰው ፊት አፌን መክፈት የማልችል፣ አንዲት ሴት ገደል ላይ ስትንጠለጠል ተናገርኩ። እንዲህ ያለውን ነገር በንባብ ብቻ አላገኘውም ነበር።»

የምመሰክረው ይህን ነው፦ ቀልድ የሚመስል ጨዋታ ዓይነ አፋሩን ያናግራል፤ ተናጋሪውን ተራውን መጠበቅ ያስተምረዋል። ሰው ሲወድቅ ታሪኩ እንዳላለቀ ያያል። ደግሞም አብረው አንድ ገደል የተሻገሩ ሰዎች ከዚያ ወዲያ ባዕድ ሆነው መቀጠል ይቸግራቸዋል።

ሦስቱም በሽተኞች ከሆስፒታል ከወጡ በኋላ ጨዋታው ወደ ቀያሹ ሳሎን ተዛወረ። ሾፌሩ በከዘራ እየተራመደ ይመጣል። እኔም ገባሁበት፤ በመጀመሪያው ቀን የያዝኩት ንጉሥ ከዙፋኑ ተንሸራቶ ሞተና ድመት ሆኜ ቀጠልኩ።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የልብስ ሰፊዋ ባል ሊወስዷት መጡ። የትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር ናቸው። በሩ ላይ ቆመው ወረቀታችንንና ዳይሳችንን አዩ።

«አዋቂ ሰዎች እንዲህ የልጅ ነገር ይዛችሁ...» ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ።

ቀያሹ ተነስተው ወንበር ሳቡላቸው። «ጥያቄዎ ተገቢ ነው። መልሱ ግን በወሬ አይገኝምና ይቀመጡ። ጨለማ በር ላይ ደርሰዋል። አንድ ዘበኛ ጦሩን ደቅኖ ‹ማን ነህ?› አለዎት። ምን ይላሉ?»

ርዕሰ መምህሩ ሚስታቸውን አዩ፤ ሰዓታቸውን አዩ። ከዚያ ኮታቸውን አስተካክለው፣ ተማሪ በሚገሥጹበት ድምፅ «አንተ ራስህ ማን ነህና ነው እኔን የምትጠይቀኝ?» አሉ።

ሾፌሩ ዳይሱን ወደ እሳቸው ገፋላቸው።